ከተቆለፈው በር ወዲያ

ሁመይራ የባቲ ልጅ ናት። ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ደማም ውስጥ፣ አል ባዲያ የሚባል ሰፈር፣ ከባሏ ከጁሀር ጋር ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ጁሀር ኤሲ ይጠግናል፤ እሷ ቤቷ ተቀምጣ ዐባያ ትሰፋለች። አገሯ ሳለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። እዚህ ከመጣች በኋላ ደግሞ አንዲት ሱዳናዊት ጎረቤቷ ጎትጉታ ጎትጉታ ለበጎ ፈቃደኞች የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አስገባቻት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት ዕረፍት የሚያገኙ የሰው ቤት ሠራተኞች እሷ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ደም ሲፈስ እንዴት እንደሚታሰር፣ ምግብ ያነቀው ሰው ጀርባው እንዴት እንደሚመታ፣ ዘይት ያቃጠለው እጅ ላይ የጥርስ ሳሙና እንደማይቀባ ትነግራቸዋለች። አሮጌ ስፖንጅ በጨርቅ ጠቅልላ የሰፋችው ትልቅ አሻንጉሊትም አላት። ሴቶቹ ሸቱ ብለው ስም አውጥተውለታል። ልቡ ቆሟል እየተባለ ደረቱን በየተራ የሚጫኑት፣ እየሳቁ "ተነሥ እንጂ ሸቱ!" የሚሉት እሱን ነው።

ከሁሉም አብዝታ የምትስቀው እታለም ነበረች። እታለም ሃምሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ሰውነቷ ሞላ ያለ የፍኖተ ሰላም ሴት ናት። የምትሠራው ጎረቤት ከተማ ኾበር፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ነው። የማዳሟ እናት ቤት ግን አል ባዲያ፣ ከሁመይራ ቤት ሁለት መታጠፊያ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ማዳም ዓርብ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ እታለምን ለጽዳት ይዛት ትመጣለች። እታለም ሥራዋን ፈጥና ትጨርስና ሁመይራ ጋ ብቅ ትላለች።

"ኧረ እኔ በዚህ ክብደቴ ከተጫንኩትማ ጎድኑን ነው የምሰብረው" አለች አንድ ቀን ሸቱ ላይ እንደተንበረከከች።

"ስበሪው" አለቻት ሁመይራ። "የተሰበረ ጎድን ይጠገናል። የቆመ ልብ ነው የማይጠብቀው።"

እታለም ያን ቀን ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። "ቤታችን አንዲት ልጅ አለች፤ መቲ ትባላለች። ያዲስ አበባ ልጅ ናት። ከአየር ማረፊያ መጥታ ከገባች ወዲህ ደጅ አልረገጠችም። ከሷ በፊት የነበረችው ጠፍታ ሁሩብ፣ ኮብላይ ተብላ ከተመዘገበች ወዲህ ማዳም እንደፈራች ናት፤ ስትወጣ ቆልፋብን ነው የምትወጣው። ስልክም አትፈቅድላትም፤ ልጅቷ ግን ደብቃ የያዘቻት ትንሽ ስልክ አለቻት። ቁጥርሽን ልስጣት?"

"ስጫት" አለች ሁመይራ። "ምን ችግር አለው።"

መቲ የደወለችው ማክሰኞ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ነው። ጁሀር መሣሪያዎቹን መኪናው ላይ እየጫነ ነበር። ሁመይራ ክር በመርፌዋ እያሾለከች ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ አነሣችው።

"እህቴ፣ ሁመይራ ነሽ?"

"ነኝ፤ ማን ልበል?"

"መቲ ነኝ። እትዬ እታለም ወደቀች። ወጥ ቤት ውስጥ። ብጠራት አትሰማኝም።"

ሁመይራ መርፌውን ጣለች። "ነካ ነካ አድርጊያት፤ ትከሻዋን ይዘሽ በኃይል ነቅንቂያት።"

"ነቀነቅኋት። ምንም አትልም። ጠዋት ደረቴን አቃጠለኝ ስትል ነበር። ጨጓራዬ ነው ብላ ወተት ጠጣች።"

"ትተነፍሳለች?"

"አዎ፣ ትተነፍሳለች። ታንኮራፋለች።"

"እንዴት ነው የምታንኮራፋው? አከታትላ ነው?"

መቲ ጎንበስ ብላ እየሰማች እንደሆነ ያስታውቃል። "አይደለም። አንዴ ትስብና ትቆያለች። ከዚያ ደግሞ አፏን ብቻ ትከፍታለች።"

ሁመይራ ነገሩ ገባት። ይህን በሥልጠናው ተነግሯታል፤ ልብ ሲቆም የሚሰማ ጣር እንጂ ትንፋሽ አይደለም። ለልጅቷ ግን እንዲያ አላለቻትም።

"ስሚኝ የኔ እናት፣ አሁን በሩን ክፈቺና ጎረቤት ጥሪ።"

"በሩ ተቆልፏል።"

"ቁልፉስ?"

"ማዳም ይዛው ሄዳለች። ማፊ፣ ሌላ ቁልፍ የለም።"

"እሺ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገሽ ወለሉ ላይ አስቀምጪው። በጀርባዋ አስተኝተሻታል? በጎኗ ተንበርከኪ። የአንዱን እጅሽን መዳፍ ጡቶቿ መሐል፣ ደረቷ አጥንት ላይ አድርጊ። ሌላውን እጅሽን ከላዩ። ክንድሽን ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች ተጫኚ። በደንብ፣ በኃይል፣ ፈጠን ፈጠን አድርጊ። ሳታቋርጪ!"

"እትዬ እታለም አሳይታኝ ነበር" አለች መቲ። ድምፁ ራቅ ብሏል፤ ተንበርክካለች። "ምንጣፍ ላይ አሳይታኝ ስቄባት ነበር።"

"አሁን አሳዪኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከኔ ጋር ቁጠሪ።"

መቲ መቁጠር ጀመረች።

ጁሀር ጫጫታውን ሰምቶ ገብቶ ነበር። ሁመይራ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም በራሱ ስልክ አምቡላንስ ጠራ። የተቀበለው ሰው በትሕትና፣ ግን ቶሎ ቶሎ ጠየቀው፤ ሰፈሩ? ዐቅረቢያ። መንገዱ? የሕንጻው ቁጥር? ጁሀር ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ሚስቱ ወደ ስልኩ።

"መቲ፣ እጅሽን ሳታነሺ መልሺልኝ። የቤቱን አድራሻ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። አራተኛ ፎቅ ነው። በመስኮት ጎማ ቤት ይታያል። ልሂድና ልይ?"

"እንዳትነሺ! ተጫኚ።"

ዐቅረቢያ ስንት ጎማ ቤት፣ ስንት ባለ አራት ፎቅ አለው! ጁሀር "ጎማ ቤት አጠገብ" ብሎ ለሰውየው ሲናገር ለራሱም አፈረ። ሰውየው አልተቆጣም። መኪና ወደ ሰፈሩ እያስነሣሁ ነው፤ አድራሻውን ፈልጋችሁ ንገሩኝ፤ መስመሩን አልዘጋውም አለው።

"ማዳም የት ነው የሄደችው?" አለች ሁመይራ።

"እናቷ ጋ። ልጆቹን ይዛ።"

ሁመይራ ባሏን አየችው። ሌላ መናገር አላስፈለጋትም፤ የአሮጊቷን ቤት ኤሲ የሚጠግነው እሱ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ሮጠ።

ሁመይራ ብቻዋን ቀረች። ክፍሏ መሐል ቆማ ለማታያት ልጅ ትቆጥራለች። ከወዲያ ማዶ የመቲ ትንፋሽ፣ ከትንፋሿ ሥር የሆነ ነገር ሲንቋቋ ይሰማል። በስልኩ ውስጥ እጇን አሾልካ "ቆይ፣ እኔ ልተካሽ" ብትል ደስ ባላት። ዓርብ ስታስተምር ሁልጊዜ የምትለው እሱን ነበር፦ ሲደክማችሁ ተለዋወጡ። ብቻውን ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስተምራ አታውቅም።

"የሆነ ነገር ቀጭ አለ!" መቲ ጮኸች። "ሰበርኳት! እመቤቴ ማርያም፣ ሰበርኳት!"

"ጎድኗ ነው። ይጠገናል፤ አትቁሚ።"

"አመማት እኮ!"

"አላመማትም የኔ እናት። ተጫኚ። አንድ፣ ሁለት…"

ጁሀር ተመልሶ መጣ፤ ከኋላው ማዳም። ሰፈሩ ኡም ራካን እያለ የሚጠራት ሴት ናት። ዐባያዋን ደፍና ሳትቆልፍ፣ አንድ እጇ ላይ የመኪና ቁልፍ፣ ሌላው ላይ የቤት ቁልፍ ይዛ ነበር የምትሮጠው። አድራሻውን መንገድ ላይ በጁሀር ስልክ ለአምቡላንሱ ሰው ነግራው ጨርሳለች።

"ነይ፣ ግቢ" አለቻት ሁመይራን በዐረብኛ። ቁልፉን እንደ ጥፋተኛ እጇን ዘርግታ አሳየቻት። "ቁልፉ ይኸው፤ እኔ ጋ ነው።"

ሁመይራ ስልኩን ይዛ መኪናው ውስጥ ከጎኗ ገባች። ጁሀር በራሱ መኪና ተከተላቸው።

ከደማም ኾበር ሩቅ አይደለም ይባላል። ያን ቀን ግን ማለቂያ አልነበረውም። ሙቀቱ አስፋልቱ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቦታ መንገድ እየጠገኑ ሁለቱን መስመር ዘግተውታል፤ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ አንዱ መስመር ላይ ይጎተታል። ኡም ራካን ጥሩንባዋን ትጫናለች፤ ፊት ለፊቷ ያለው የጭነት መኪና የሚሸሽበት የለውም።

"መቲ!" አለች ወደ ሁመይራ ስልክ ዘንበል ብላ። "መቲ፣ እኔ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው!"

የሚቆጥረው ድምፅ ተቋረጠ። ከዚያ በተሰባበረ ዐረብኛ መጣ፦ "ማዳም፣ ስልኩ የኔ አይደለም። የእታለም ነው። ወላሂ የእታለም ነው።"

ኡም ራካን አፏን በእጇ ያዘች።

"የስልኩን ነገር ተዪው" አለች ሁመይራ ባማርኛ። "ማንም አይቆጣሽም። እጅሽ የት ነው? መልሺው።"

"ክንዴ እምቢ አለኝ እህቴ።"

"አውቃለሁ። በክንድሽ አትግፊ፤ ሰውነትሽን ጣዪባት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።"

ኡም ራካን መሪውን ይዛ ዓይኗ መንገዱ ላይ እንደተተከለ በራሷ ቋንቋ መቁጠር ጀመረች፤ "ዋሕድ፣ ኢስነይን፣ ሠላሠ፣ አርባዓ።" ሁለቱ ሴቶች በሁለት ቋንቋ እየቆጠሩ፣ ሦስተኛዋ ከስልኩ ወዲያ እያለከለከች፣ መኪናዋ ደግሞ አልሄድ ብላ።

ድንገት ከስልኩ ውስጥ ብረት ሲደበደብ ተሰማ።

"መጡ! መጡ! ሰዎቹ መጡ!" መቲ አለቀሰች። "ኢፍተሒ፣ ክፈቺ ይሉኛል! ምን ልበላቸው?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ!" ኡም ራካን በመኪናዋ ስልክ የአምቡላንሱን ማዕከል መልሳ ጠራች። ቤቱ የኔ ነው፣ በሩን ስበሩት፣ ፈቃዴ ነው፣ ስበሩት አለች። የብረት በር መሆኑን፣ የአምቡላንሱ ልጆች በእግርና በትከሻ እየሞከሩት መሆኑን፣ በር የሚሰብሩት የእሳት አደጋ ሰዎችም በመንገድ ላይ መሆናቸውን ነገሯት። በሩን ያስገጠመችው ራሷ ነበረች። ሌባ እንኳ አይሰብረውም ብሎ ነበር የገጠመላት ሰው።

ከበሩ ውጭ የቆመው ባለሙያ በኃይል እየጮኸ አንድ ነገር ይናገራል።

"ምን ይላል እህቴ?"

ሁመይራ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ደፍና አዳመጠች። ቃሉ በብረት በር አልፎ፣ በትንሽ ስልክ አልፎ፣ ተቆራርጦ ነው የሚደርሳት። "ጎበዝ፣ አታቁሚ ይላል። አጠገብሽ ነን ይላል።"

"አጠገቤ ናቸው?"

"አዎ። በሩ ብቻ ነው ያለው።"

ይህን ካለች በኋላ ምላሷን ነከሰች። ልብን ከሞት የሚመልሰው መሣሪያ፣ መድኃኒቱ፣ ኦክስጅኑ፣ የሠለጠኑት እጆች፣ ሁሉም ከእታለም ጥቂት ክንድ ርቆ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ውስጥ ያለው የአንዲት ልጅ ሁለት እጅ ብቻ ነው።

"አሁን አታንኮራፋም" አለች መቲ ቀስ ብላ። "ዝም ብላለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። እህቴ፣ ዝም ብላለች እኮ።"

"ተጫኚ።"

"ሞታለች?"

ሁመይራ መስኮቱን አየች። ከጎናቸው የቆመ መኪና ውስጥ አንድ ሕፃን አይስክሬም ይልሳል። "ያ አላህ" አለች በልቧ፤ "አንድ ቃል ስጠኝ።" የመጣላት ግን ቅድም ስትለው የነበረው ብቻ ነው።

"እሱን አንቺም እኔም አናውቅም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የምናውቀው ይህን ነው።"

መቲ ጥቂት ቆማ ቀጠለች። አሁን አትቆጥርም፤ በየጫናው "እ…እ…" ብቻ ትላለች።

መንገዱ ተከፍቶ መኪናዋ መሮጥ ስትጀምር የመቁረጫ ማሽን ጩኸት ከስልኩ ውስጥ ፈነዳ። ብረት ሲቆረጥ፣ አንድ ከባድ ነገር ወለል ሲመታ፣ ብዙ ጫማ ሲገባ ተሰማ። "ፈቀቅ በይ ልጄ፣ ፈቀቅ" የሚል የወንድ ድምፅ። ከዚያ ስልኩን የአንዱ እግር ሳይመታው አልቀረም፤ መስመሩ ተቋረጠ።

ሁመይራ መልሳ ደወለች። አይነሣም። ደግማ ደወለች።

"ምን ሆነ?" አለች ኡም ራካን።

"ገብተዋል።"

"እሷስ?"

"አላውቅም።"

ኡም ራካን የቤቱን ቁልፍ እስከዚያ ድረስ ከመሪው ጋር አጣብቃ እንደያዘችው ነበር።

ሲደርሱ ሕንጻው ሥር ሰው ተሰብስቧል። ጎማ ቤቱ እውነትም ፊት ለፊት ነበር። እታለምን በቃሬዛ እያወጧት ነው፤ አንዱ ባለሙያ ከጎኗ እየተራመደ ደረቷን ይጫናል፣ ሌላው አፏ ላይ የአየር ከረጢት ይጨምቃል። ሁመይራ ፊቷን ማየት አልቻለችም። ያየችው ከአንሶላው ሥር የወጣ አንድ እግር፣ ተረከዙ ላይ ዱቄት የነካው እግር ነው። ልትጠጋ ስትል አንዱ በክንዱ በቀስታ መለሳት። በሥልጠናው ይህንንም ተምራለች፤ ባለሙያ ሲደርስ ቦታ ልቀቅ። ለቀቀች።

ኡም ራካን ከአምቡላንሱ ኋላ ነዳች፤ ጁሀርም ተከተላት። ሁመይራ ወደ ላይ ወጣች።

በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ወጥ ቤቱ ውስጥ የተቦካ ሊጥ፣ የተቀደደ የመድኃኒት ላስቲክ፣ የተረገጠች ትንሽ ስልክ። መቲ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሁመይራ ከድምፅዋ ተነሥታ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ ልጅ አድርጋ ስላ ነበር። ያገኘቻት አጭር፣ ቀጭን፣ ጉልበቷ የተላጠ ልጅ ናት። ሁለት ክንዶቿ ጭኗ ላይ ወድቀዋል።

"አንቺ ነሽ?" አለች መቲ።

"እኔ ነኝ።"

ሁመይራ አጠገቧ ተቀመጠችና እቅፍ አደረገቻት። ልጅቷ መልሳ ልታቅፋት ሞከረች፤ ክንዷ አልነሣ አለ።

"አርፌ ነበር" አለች መቲ። "ሳልነግርሽ። ማዳም ስትጠራኝ ደንግጬ፣ ከዚያ ደግሞ እትዬ እታለም ዝም ስትል። እንዲህ የሆነችው በሱ ይሆን?"

"አይደለም።"

"በምን አወቅሽ?"

ሁመይራ አላወቀችም። "ሰው ሁሉ ያርፋል" አለቻት። ውኃ ቀድታ በራሷ እጅ አጠጣቻት።

ጁሀር የደወለው የቀትሩ ዙህር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ነው። "ኢና ሊላህ" ብሎ ጀመረ፤ ሌላውን መስማት አላስፈለጋትም። ዶክተሩን ጠይቆት ነበር፤ በሩ ወዲያው ቢከፈት ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ ብሎ። ዶክተሩ ልትተርፍ ትችል ነበር፣ ላትተርፍም ትችል ነበር፤ ልጅቷ ያደረገችው ግን ትክክል ነው አለው። ሁመይራ የመጨረሻውን ብቻ ለመቲ ነገረቻት። መቲ ሌላውንም ሰማችው፤ ስልኩ በጣም ጮክ ይል ነበር።

ኡም ራካን ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። በተሰበረው በሯ ገብታ፣ ዐባያዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ፣ ከሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች። መቲ ከልማድ ተነሥታ ሻይ ልትጥድ ሄደች። ማንቆርቆሪያው ከእጇ አምልጦ ወደቀ።

"ተዪው፣ ኸላስ፣ ተቀመጪ" አለች ኡም ራካን። ቆየት ብላ "ልጆቼን ያሳደገችልኝ እሷ ናት" አለች። "ምን እላቸዋለሁ?"

ሁመይራ በመንገድ ስታስበው የመጣችው አንድ ከባድ ቃል ነበራት፤ ስለ ቁልፉ። ሴትየዋን አየቻት። ቃሉ እውነት እንደሆነ ነው፤ ማንን ከሞት እንደሚያነሣ ግን አልታያትም። ዋጠችው።

አገር ቤት የመደወሉ ዕዳ የሁመይራ ሆነ። ቁጥሩን ያገኘችው ከእታለም ሳጥን ውስጥ፣ ከውዳሴ ማርያም መጽሐፏ ሽፋን ጀርባ ነው። ፍኖተ ሰላም ስልኩን ያነሣችው ታናሽ እህቷ ነበረች። ሁመይራ መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃለች። መጀመሪያ አጠገቧ ሰው መኖሩን ጠየቀቻት፤ ጎረቤት እስክትጠራ ጠበቀች። ከዚያ ነገረቻት። ጩኸቱ እስኪያልፍ ስልኩን ሳትዘጋ ይዛ ቆየች።

እህትየዋ ድምፅዋ ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ብቻዋን ነበረች?"

"አልነበረችም" አለች ሁመይራ። "መቲ የምትባል ልጅ አብራት ነበረች። እስከ መጨረሻው እጇን ከደረቷ ላይ አላነሣችም።"

"የማን ልጅ ናት?"

"ያዲስ አበባ ልጅ ናት። አብረው የሚሠሩ።"

"ስልኳን ስጪኝ።"

የመቲ ስልክ እንደተሰበረ ነው፤ የሁመይራም ባትሪው ሊያልቅ ነው። ሁመይራ ይህን ስትነግራት ከጎኗ ቆማ የነበረችው ኡም ራካን ነገሩ ገባት፤ የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ቁጥሩን አስመትታ ለመቲ አቀበለቻት። መቲ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሁመይራ ሳሎን ሆና ጠበቀች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስታይ መቲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደፍናዋለች። ምንም አትናገርም፤ ከወዲያ በኩልም የሚናገር የለም። እሷም እህትየዋም ያለቅሳሉ፤ አንዷም መዝጋት አልቻለችም።